የ1990ዎቹ መጀመሪያ የፖፕና የዳንስ ስብስብ አልበሞች፦ የትኛውን ለምን እንግዛ? (ጥቆማ)

ለታላቅ ወንድማቸው የሃምሳኛ ዓመት ልደት ድግስ የሚዘጋጁ አንድ አንባቢ፣ ወንድማቸው በወጣትነቱ ይጨፍርባቸው የነበሩትን የውጭ ዘፈኖች በዘመኑ በወጡ ስብስብ አልበሞች ላይ ማግኘት እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ የትኛውን ተከታታይ እትም ቢገዙ እንደሚሻል፣ በሲዲ፣ በሸክላ ወይስ በካሴት ቢሆን እንደሚመረጥ ጠይቀዋል። ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ለመመለስ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ መግባባት ያለብን፣ እነዚህን አልበሞች ከጀርባቸው ላይ በተዘረዘሩት የዘፈን ርዕሶች ብቻ ማወዳደር ብዙም እንደማይጠቅም ነው። ከ1990 እስከ 1993 ገበያውን የሞሉት ስብስቦች ያንኑ ደርዘን ዝነኛ ዘፈን እየተዋዋሱ የተሠሩ በመሆናቸው፣ በርዕስ ከሄድን ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ልዩነቱ ያለው የዘፈኑ የትኛው ቅንብር ነው የተካተተው በሚለው ላይ ነው። አንድ የጭፈራ ዘፈን በዚያ ዘመን ቢያንስ ሁለት መልክ ነበረው፤ አንዱ ለሬዲዮ እንዲመች ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ላይ የተቆረጠው ሲሆን፣ ሌላው ለናይት ክለብ በባለ 12 ኢንች ሸክላ የወጣው፣ መግቢያው በባዶ ከበሮ የሚጀምርና ስድስትና ሰባት ደቂቃ የሚደርሰው ረጅሙ ቅንብር ነው። በቤቱ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው አጭሩ ይበቃዋል፤ ለጭፈራ የሚፈልግ ሰው ግን ሰዉ ገና መሐል ሳይገባ የሚያልቅ ዘፈን ምንም አያደርግለትም።

ከአገር አገርም ልዩነት አለ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የቤልጂየም አቀናባሪዎችና የኔዘርላንድ ድምፃውያን ሥራ የሆነው ቱ አንሊሚትድ የተባለው ቡድን ነው። በ1993 በእንግሊዝ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ቁንጮ ላይ ለአምስት ሳምንታት የቆየው «ኖ ሊሚት» በዋናው አውሮፓ ሲወጣ የወንዱ ራፕ ሙሉ በሙሉ ነበረበት፤ የእንግሊዙ አሳታሚ ግን አብዛኛውን ራፕ ቆርጦ በማውጣት በሴቷ ድምፅና በሲንተሳይዘሩ ላይ ያተኮረ ቅንብር አሳተመ። እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ስብስብ የገዛ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ይህንን የተቆረጠውን ነው፤ ራፑን በቃሉ እየወጣ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ሲዲው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎ ዘፈኖቹን የሰማው በየት አገር እትም እንደሆነ ማወቅ ከቻሉ ግማሹ ምርጫ ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ወደ ተከታታይ እትሞቹ ስንመጣ፣ በቅድሚያ የሚነሳው የእንግሊዙ «ናው ዛትስ ዋት አይ ኮል ሚዩዚክ» ነው። ቨርጂንና ኢኤምአይ በጋራ የጀመሩት ሲሆን የመጀመሪያው እትም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 1983 ነበር። ስያሜው የተወሰደው የዴንማርክ የአሳማ ሥጋን ከሚያስተዋውቅ አሮጌ ፖስተር ላይ መሆኑ ዛሬም ያስቀኛል። ከዚያ በፊት እንደ ኬይ-ቴል ያሉ ድርጅቶች በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚሸጡ ስብስቦችን ሲያወጡ ቢቆዩም፣ «ናው»ን ለየት ያደረገው ዘፈኖቹ የራሳቸው የሆኑት ትላልቅ አሳታሚዎች ራሳቸው ተባብረው ማውጣታቸው ነው፤ በኋላ ፖሊግራምም ተጨምሯል። ስብስብ አልበሞች ገበያውን ከመቆጣጠራቸው የተነሳ በጥር 1989 ከዋናው የእንግሊዝ የአልበም ሰንጠረዥ ተነጥለው የራሳቸው ሰንጠረዥ እንዲኖራቸው ተደርጓል።

በእኛ ጥያቄ ውስጥ የሚገቡት ቁጥሮች ከ17 እስከ 26 ያሉት ናቸው። በ1990 ቁጥር 17ና 18፣ በ1991 ቁጥር 19ና 20፣ በ1992 ደግሞ 21፣ 22ና 23፣ በ1993 የቀሩት ሦስቱ ወጥተዋል። አብዛኞቹ በሁለት ሲዲ፣ ሠላሳና ከዚያ በላይ ዘፈን ይዘው የቀረቡ ናቸው። የዘመኑን መልክ ሳያዳላ የሚያሳይ ነገር ለሚፈልግ ከእነዚህ የተሻለ የለም፤ ምክንያቱም የፍቅር ዘፈኑንም፣ ሮኩንም፣ ሬጌውንም፣ የጭፈራውንም በአንድ ላይ ይይዛሉ። ለድግስ የማይመቹትም በዚሁ ምክንያት ነው። በሞቀ ጭፈራ መሐል ድንገት ለስለስ ያለ የፍቅር ዜማ ይከተላል፤ ዘፈኖቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም በሬዲዮው አጭር ቅንብር ናቸው። ከሁሉም አንዱን ምረጥ ብባል በ1992 የወጡትን እመርጣለሁ፤ የክለብ ሙዚቃ ከዳር ወደ መሐል ገብቶ የፖፑን ሰንጠረዥ የወረረበት ወቅት በመሆኑ የጭፈራው ድርሻ በጉልህ ይታያል።

ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔ አጥብቄ የምጠቁመው ግን የዚሁ ቤት ታናሽ ወንድም የሆነውን «ናው ዳንስ»ን ነው። በ1990 የወጡት 901፣ 902 እና 903 የተሰኙት እትሞች ሃያ ሃያ ዘፈን የያዙ ሲሆን የተዘጋጁትም ከባለ 12 ኢንች ሸክላዎቹ ረጅም ቅንብሮች ነው። ዋናው «ናው» በሠላሳ ዘፈን የሚያጣድፈውን ቦታ እነዚህ ለሃያ ብቻ ስለሚሰጡት፣ ከበሮው ለብቻው ሲመጣ፣ ቤዙ ሲከተል፣ ዘፋኟ ዘግይታ ስትገባ ይሰማል። ዋጋቸው ከዋናው ተከታታይ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ የ1990ን ሃውስ የተባለ የክለብ ጭፈራ ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚሻል ግዢ አላውቅም።

የ«ናው» ተቀናቃኝ ሆኖ በ1984 የተነሳው፣ ሲቢኤስና ደብሊውኢኤ የጀመሩት «ዘ ሂትስ አልበም» ነው። ስሙን በየጊዜው እየለዋወጠ እስከ ዘጠናዎቹ ዘልቋል። አንድ ዘፋኝ በ«ናው» ላይ ከጠፋ፣ የተዋዋለው ከእነዚህ አሳታሚዎች ጋር ሊሆን ስለሚችል እዚያ ይፈለጋል። ማዶናን ወይም ማይክል ጃክሰንን ፍለጋ ስብስብ አልበም መግዛት ግን ትርፉ ድካም ነው፤ የእነሱን የራሳቸውን አልበም ይግዙ። ቴልስታር የተባለው ድርጅት ከ1989 ጀምሮ ያወጣው «ዲፕ ሂት» የተሰኘ ተከታታይም አለ። ይህ ከፖፑ ይልቅ ወደ ሃውስና ወደ ቴክኖ ያደላ ስለሆነ፣ ዘመኑን በክለብ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ይወደዋል፤ በሬዲዮ ብቻ የሚያውቀው ሰው ግን ግማሾቹን ዘፈኖች ላያውቃቸው ይችላል።

የአሜሪካው ነገር ለየት ይላል። እዚያ አሳታሚዎቹ ለረጅም ጊዜ ዘፈኖቻቸውን ለጋራ ስብስብ መስጠት ስላልወደዱ «ናው» ራሱ አሜሪካ የገባው በ1998 ነው። ክፍተቱን ከሸፈኑት ውስጥ ለእኛ ጉዳይ ተስማሚ የሆነው፣ ቶሚ ቦይ የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ ከኤምቲቪ ጋር ሆኖ ከ1991 ጀምሮ ያወጣው «ኤምቲቪ ፓርቲ ቱ ጎ» ነው። ይህ ተከታታይ ስሙ እንደሚለው ለድግስ የተሠራ ሲሆን ብዙዎቹ ዘፈኖች በሪሚክስ፣ ማለትም እንደገና ተቀናብረው፣ የቀረቡ ናቸው፤ ሂፕ ሆፑ፣ አር ኤንድ ቢውና የክለብ ሙዚቃውም ተቀላቅሎ ይገኛል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በዚያን ዘመን ወጣት ለነበረ ሐበሻ የሚቀርበው ከእንግሊዞቹ ይልቅ ይህ ነው። ጉድለቱ በአንድ ሲዲ ላይ ያሉት ዘፈኖች ቁጥር አነስተኛ መሆኑና የአውሮፓው የጭፈራ ሙዚቃ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የሚያስቆጨኝን ነገር ልናገር። እነዚህ ስብስቦች ሁሉ፣ የየትም አገር ይሁኑ፣ ስለ ዘፋኞቹ የሚሰጡት መረጃ እጅግ ደሃ ነው፤ የቡድን ስምና የባለመብቱ ድርጅት ከተጻፈ በኋላ ሌላ የለም። በዚያ ዘመን ደግሞ በቪዲዮ ላይ የምትታየውና በእርግጥ የዘፈነችው ሴት የተለያዩ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነበር። የቤልጂየሙ ቡድን ቴክኖትሮኒክ በመጀመሪያ ሽፋኑና ቪዲዮው ላይ ያወጣው ፌሊ የተባለች ሞዴልን ሲሆን ድምፁ ግን የያ ኪድ ኬይ ነበር። ዘፋኟ ማርታ ዋሽ ደግሞ ብላክ ቦክስና ሲ ኤንድ ሲ ሚዩዚክ ፋክትሪ ለተባሉት ቡድኖች ዘፍና ስሟ ሳይጠቀስ በመቅረቱ ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት አድርሳዋለች። ሲዲውን ሲገዙ በሽፋኑ ላይ ስሟን ባያገኙት አይገረሙ፤ ድምፁ የእሷ ነው።

ወንድምዎ ጀርመን የኖረ ከሆነ ወይም የሚወደው ዩሮ ዳንስ የሚባለውን የአውሮፓ የጭፈራ ሙዚቃ ከሆነ ጥቆማዬ ሌላ ነው። ስናፕና ከልቸር ቢት የተባሉት ቡድኖች የተመሠረቱት በፍራንክፈርት አካባቢ ነው፤ ዘፋኙ ሃዳዌይም ከኮሎኝ የወጣ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ፍራንክፈርት የዚህ ሙዚቃ አንድ ዋና ማዕከል ነበረች ብንል ማጋነን አይሆንም። ይህን ሙዚቃ በሙላት የሚያገኙት በ1992 በተጀመረው በ«ብራቮ ሂትስ» ላይ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከ1956 ጀምሮ ከሚታተመው «ብራቮ» የወጣቶች መጽሔት ሲሆን እንግሊዞቹ ዘግይተው ያወቋቸውን፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያላወቋቸውን የአህጉሩን ዘፈኖች ይይዛል። የጀርመንኛ ዘፈን ጣልቃ እየገባ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ይዝለሉት፤ በዚያ ዋጋ የሚያማርር ነገር አይደለም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩትን ባለ ሙሉ ራፕ ቅንብር ማግኘት የሚቻለውም እንግሊዝ ሳይሆን በዚህ በኩል ነው።

ሸክላ ወይስ ሲዲ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ግልጽ ነው፤ ለስብስብ አልበም ከሆነ ሲዲ። ሸክላ እወዳለሁ፤ ነገር ግን በስብስብ አልበም ላይ በአንድ ገጽ ሰባትና ስምንት ዘፈን ስለሚታጨቅ አንዱ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይጠጋል። ሸክላ ላይ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር መስመሮቹ መጠጋጋት ስላለባቸው፣ ሲቀረጽ የድምፁ ኃይል ዝቅ፣ ቤዙም ቀነስ ይደረጋል። ለጭፈራ ሙዚቃ ደግሞ ቤዙ ከሄደ ምን ቀረ? ሸክላ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ስብስቡን ትቶ የሚወዳቸውን ጥቂት ዘፈኖች በየግላቸው በባለ 12 ኢንች ይግዛ። ካሴት ትዝታው ብዙ ነው፤ አገር ቤት ይህ ሙዚቃ ለብዙዎቻችን የደረሰን ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ ስለሆነ ስሜቱ ይገባኛል። ይሁንና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ክሩን የሚጫነው ትንሿ ስፖንጅ ብዙውን ጊዜ ተላቅቃ ስለምትገኝ፣ ለማስታወሻ ካልሆነ በስተቀር ለድግስ አልመክርም።

የዘመኑ ሲዲዎች ሌላም ጥቅም አላቸው። የተቀረጹት አሳታሚዎች ድምፅን እስከ ጣራ ማስጮህ ከመጀመራቸው በፊት ስለሆነ፣ ከዛሬ ዘፈን ጋር አከታትለው ሲያጫውቷቸው ዝቅ ያሉ ይመስላሉ፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ግን ከበሮው ጥርት ብሎ ይመታል። ይህንን ለዲጄው አስቀድመው ይንገሩት።

ያገለገለ ሲዲ ሲገዙ ከጭረት በላይ የሚያሰጋ አንድ ነገር አለ። ከ1988 እስከ 1993 ባለው ጊዜ በእንግሊዝ ብላክበርን ከተማ በሚገኘው የፒዲኦ ፋብሪካ የታተሙ አንዳንድ ሲዲዎች በጊዜ ብዛት የነሐስ ቀለም ይይዛሉ። ምክንያቱ አንጸባራቂውን ሽፋን የሚከላከለው ቫርኒሽ፣ ከሲዲው ጋር በሚመጣው ትንሽ መጽሐፍና በወረቀት ማቀፊያው ውስጥ ያለውን ድኝ መቋቋም አለመቻሉ ነው። ጉዳቱ ከጠርዝ ይጀምርና ወደ መሐል ይዘልቃል፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ዘፈኖች በመጀመሪያ እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ያሰማሉ፣ ከዚያም ጨርሶ አይነበቡም። የሲዲውን መሐል ቀዳዳ ከበው ያሉትን ጥቃቅን ፊደሎች በብርሃን ፊት ዘንበል አድርገው ሲያዩ የፒዲኦ ስምና እንግሊዝ የሚለው ከታየዎት፣ ቀለሙ ብር መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። የፒዲኦ ሲዲ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ደህና ናቸው። ወፍራሙን ባለ ሁለት ሲዲ ማኅደር ሲከፍቱም ስስ ስፖንጅ ተነጥፎበት ካገኙ አውጥተው ይጣሉት፤ ሲያረጅ ሲዲው ላይ ይጣበቃል።

ሌላው ወጥመድ የማስመሰያ እትሞች ናቸው። በርካሽ የሚሸጡና ርዕሳቸው የሚያጓጓ አንዳንድ ሲዲዎች ዘፈኖቹን የያዙት በዋናዎቹ ዘፋኞች ሳይሆን ስማቸው በማይታወቅ የስቱዲዮ ድምፃውያን ተዘፍነው ነው፤ ይህም በሽፋኑ ጀርባ በደቂቅ ፊደል ይጻፋል። ዋናው ዘፋኝ ራሱ ከዓመታት በኋላ እንደገና የዘፈነውን የሚያቀርቡም አሉ። በኢንተርኔት ሙዚቃ ማዳመጫዎች ላይም ይኸው ችግር አለ፤ የድሮውን ስብስብ ቅደም ተከተል ጠብቀው የተሠሩ የዘፈን ዝርዝሮች ቢኖሩም፣ መሐላቸው የኋላ ቅጂ እየተሰነቀረ ጆሮ የለመደውን ያጣል። አዲስና ያልተነካ ነገር ለሚፈልግ «ናው» ራሱ ከ2021 ጀምሮ በየዓመቱ ከፋፍሎ የሚያወጣውን «ይርቡክ» የተሰኘ ተከታታይ እጠቁማለሁ። የ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታትም ተካትተውበታል፤ የተሟላና በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ሆኖም ለጭፈራ ሳይሆን ለማዳመጥ የታሰበ ነው።

የት ይገኛል ለሚለው፣ እንግሊዝ ያሉ ሰዎች በመጀመሪያ የበጎ አድራጎት ሱቆችን ይመልከቱ፤ ኦክስፋም በአንዳንድ ከተሞች ሙዚቃና መጽሐፍ ብቻ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉት። አሜሪካ ውስጥ ጉድዊል የተባሉት የበጎ አድራጎት ሱቆችና ያገለገለ ሲዲ የሚሸጡ የመጽሐፍ መደብሮች፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ በየሰፈሩ የሚተከሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች ያዋጣሉ። በርቀት ለሚገዛ ዲስኮግስ የተባለው የሙዚቃ እትሞች መዝገብና መገበያያ ድረ ገጽ ከሁሉም ይሻላል፤ ምክንያቱም የአንድን አልበም የየአገሩን እትም ለያይቶ የእያንዳንዱን ዘፈን ርዝመት ከነቅንብሩ ስም ስለሚያስቀምጥ፣ አጭሩን ይሁን ረጅሙን ሳይገዙ ማወቅ ይቻላል። አምስት ደቂቃ ተኩል ያለፈ ዘፈን ካዩ ረጅሙ ቅንብር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከዚህ በፊት እትሙ በስንት እንደተሸጠም ስለሚያሳይ ዋጋ ያናረ ሻጭ ወዲያው ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ሲዲው ራሱ ከፖስታ ክፍያው ያነሰ ዋጋ ስላለው፣ ከአንድ ሻጭ አራት አምስቱን ሰብስቦ መግዛት ይመረጣል።

ለጠያቂያችን በተለይ፣ ወንድምዎ ያኔ አሜሪካ ከነበረ «ፓርቲ ቱ ጎ»ን የመጀመሪያዎቹን እትሞች፣ አውሮፓ ከነበረ ከ«ናው ዳንስ» ሦስቱ አንዱንና ከ«ብራቮ ሂትስ» የመጀመሪያዎቹን ይግዙ፤ አገር ቤት በካሴት የሰማው ከሆነ ደግሞ የ1992ን «ናው» ይጨምሩበት፣ ምክንያቱም ያኔ የሚቀዳው ከየአቅጣጫው የመጣ ድብልቅ ነበር። ሲዲዎቹ እንደደረሱ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተር ይገልብጧቸው፤ የተጎዳ ቦታ ካለ እዚያው ይነግርዎታል፣ ሲዲውም ለስጦታ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ለድግሱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሲቀር ይዘዙ፤ ሻጩንም የሁለቱንም ሲዲዎች ሁለት ገጽታ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፣ ፈቃደኛ ካልሆነም ያው እትም ሌላ ሻጭ ዘንድ ስለማይጠፋ ወደዚያ ይሂዱ።